ለዐሥር ዶሮዎች የሚሆን፣ ለማጽዳት የማያስቸግር ቤት

በባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ባለው ጓሮዎ ለዐሥር እንቁላል ጣይ ዶሮዎች የሚሆነው ቤት ከባሕር ዛፍና ከጭቃ ቢሠራ ይሻላል ወይስ ከብሎኬት ብለው ጠይቀዋል። እኔ ያለ ማመንታት የምመክርዎ ወለሉና እስከ ጉልበት የሚደርሰው የብሎኬት ግድግዳ በሲሚንቶ ተለስኖ፣ ከዚያ በላይ ያለው በጠንካራ የሽቦ ወንፊት የተዘጋ ቤት ነው። የጭቃ ግድግዳ ወጪው ቢቀንስም፣ ቅንቅን ቀን ቀን በስንጥቁ ተደብቆ ሌሊት የዶሮዎቹን ደም ስለሚጠጣ፣ በኋላ የሚያስከትለው ድካም ብዙ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እርጥበት ነው። በክረምት ዝናቡ ሲበረታ የረጠበ ጉዝጓዝ ኮክሲዲዮሲስ ለተባለው፣ በተለይ ጫጩቶችን ደም አስቀምጦ ለሚገድለው በሽታ ምቹ ይሆናል፤ ከኩሱ የሚወጣው አሞኒያም ዐይናቸውንና መተንፈሻቸውን ይጎዳል። ስለዚህ ወለሉን ከግቢው ከፍ አድርገው፣ የታጠበበት ውኃ ራሱ እንዲወጣ ወደ በሩ በትንሹ ያዘቅዝቁት፤ የቆርቆሮው ክፈፍም ወጨፎውን እንዲመልስ ከግድግዳው ረዘም ይበል። ለጉዝጓዝ ከፎገራ የሩዝ መፈልፈያዎች የሚወጣው ገለፈት ደረቅና ለመጥረግ ቀላል ነው።

ስፋቱ ከ2 እስከ 3 ካሬ ሜትር፣ የእንቁላል መጣያውም 2 ሣጥን ይበቃል። ቆጡን ግን በሚስማር አይምቱት፤ እኔ በመጀመሪያው ቤቴ ይህን በማድረጌ ከሥሩ የተጋገረውን ኩስ መፋቅ እጅግ አስቸግሮኛል። በሩ ሰው ቆሞ የሚያስገባ ይሁን፤ ሸለምጥማጥ እንዳይሾልክም ቀዳዳው ከጣት የሚሰፋ ሽቦ አይግዙ።