ወንዙ ለምን ተዘጋብን? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰመር ሲመጣ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች መልካቸው ይቀየራል። ስለ ቤት ኪራይና ስለ መኪና ኢንሹራንስ የሚጠይቀኝ ሰው ያንሳል፤ ስለ ጀልባ የሚጠይቀኝ ይበዛል። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያላችሁ ወገኖች ጀልባ መከራየትም ካያክ መቅዘፍም እየለመዳችሁ ነው። እኔን ደስ ይለኛል። ከሰሞኑ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ግን በአንድ ጉዳይ ላይ ናቸው፤ በዓል ወይም ትልቅ ዝግጅት ሲኖር የፖቶማክ ወንዝ ለምን ይዘጋል? የደረሱኝን አሰባስቤ እነሆ።

*ጁላይ 4 ማታ ርችቱን ከውሃው ላይ ሆነን ልናይ ከጓደኞቼ ጋር ጀልባ ተከራየን። ርችቱ ከሚተኮስበት ባርጅ (ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባ) በጣም ርቀን ሳለ የፖሊስ ጀልባ መጥቶ መለሰን። ምን አጠፋን? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)*

ፖሊሱ ስላልከሰሳችሁ ትልቅ ጥፋት አላየባችሁም ማለት ነው። የመለሳችሁ ግን በቂ ምክንያት ስላለው ነው። ይህን ምክንያት ማወቅ ስለሚጠቅም ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ከባርጅ ላይ ለሚተኮስ ርችት ሕዝቡ የሚርቅበት ርቀት በግምት አይወሰንም። አሜሪካ ውስጥ የተለመደው ስሌት የርችቱን ስፋት በኢንች ለክቶ እያንዳንዱን ኢንች በ70 ጫማ ማባዛት ነው። ባለ 6 ኢንች ርችት 420 ጫማ ይፈልጋል፤ ይህም ወደ 128 ሜትር ገደማ ነው። ባለ 8 ኢንች ከሆነ 560 ጫማ፣ ባለ 12 ኢንች ከሆነ ደግሞ 840 ጫማ ይሆናል። ይሄ ዝቅተኛው ነው። የአሜሪካ የባህር ጠረፍ ጠባቂ ኃይል፣ ኮስት ጋርድ፣ ከዚህ ሰፋ ያለ ክብ ሲከልል ብዙ ጊዜ ይታያል።

ይህን ያህል ርቀት የሚያስፈልገው ወደ ላይ የወጣው ነገር ተመልሶ ስለሚወርድ ነው። የሚነድ ወረቀትና ካርቶን ይወርዳል። ሰማይ ላይ ሳይፈነዳ የቀረ ርችት ተመልሶ ወድቆ ውሃው ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ነፋስ ካለ ደግሞ ፍንጣሪውን ወዳልታሰበበት ይወስደዋል። እናንተ የተቀመጣችሁት ቤንዚን የያዘ፣ ጨርቅ ጣሪያ ያለው ጀልባ ላይ ነው። መሬት ላይ ብትሆኑ ትሮጣላችሁ። ጀልባ ላይ የት ይሮጣል?

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላም ነገር አለ። አደጋው ርችቱ በሚተኮስበት ግማሽ ሰዓት ብቻ የሚኖር ይመስለናል። ባርጁ ግን ገና ከዝግጅቱ በፊት ፈንጂ ተጭኖበት ነው የሚቆመው። ካለቀ በኋላም ሠራተኞቹ ያልተኮሰ መኖሩን አንድ በአንድ መፈተሽ አለባቸው። ስለዚህ ወንዙ ከትርኢቱ ቀደም ብሎ ይዘጋል፣ ትርኢቱ ካበቃም በኋላ ወዲያው አይከፈትም። ሰማዩ ጸጥ አለ ብላችሁ ሞተር አታስነሱ። ክፍት መሆኑ እስኪነገር ጠብቁ።

ቦታውም ወሳኝ ነው። ዲሲ ውስጥ ዘ ዋርፍ የተባለው የመዝናኛ ሰፈር ፊት ለፊት ያለው የውሃ መተላለፊያ፣ ዋሽንግተን ቻናል፣ ጠባብ ነው። እዚያ መሃል ላይ ባርጅ ቆሞ 500 ወይም 600 ጫማ ክብ ሲከለል ክቡ ከዳር እስከ ዳር ይሞላዋል። በጎን የሚያልፍበት ስለማይኖር ቻናሉ በሙሉ ይዘጋል።

የሕጉ ነገር ቀላል አይደለም። በአገሬው አጠራር ‘ሴፍቲ ዞን’ የተባለ፣ ከአደጋ ለመከላከል የተከለለ ቦታ ከኮስት ጋርድ ወይም እሱ ከወከለው ሰው ፈቃድ ሳያገኙ መግባት የፌዴራል ሕግ መጣስ ነው። ሕጉ ላይ የተጻፈው የፍትሐ ብሔር ቅጣት ለአንድ ጥሰት እስከ 25 ሺህ ዶላር ነው። ይህ ቁጥር ከኑሮ ውድነት ጋር እየተስተካከለ አሁን ከዚያ እጅግ በልጧል። እያወቀ ሆን ብሎ የገባ ሰው ደግሞ በከባድ ወንጀል ሊከሰስ ይችላል። የወረቀት ጉዳይ ያላለቀለት ሰው ይህን ደግሞ ደጋግሞ ያስብበት።

*ሞተር የሌለው ካያክም ይከለከላል? (ከአርሊንግተን)*

አዎ። ክልከላው ለማንኛውም ጀልባና ለማንኛውም ሰው ነው። ለዋናተኛም ጭምር። በነገራችን ላይ ዲሲ ውስጥ ወንዞቹ ላይ መዋኘት ከ1971 ጀምሮ የተከለከለ ነው፤ በልዩ ፈቃድ ከሚደረጉ ዝግጅቶች በስተቀር።

ማታ ካያክ የምትቀዝፉ ከሆነ ነጭ መብራት ወይም ባትሪ በእጃችሁ መኖር አለበት። ጨለማ ውስጥ ሞተር ጀልባ የሚነዳ ሰው ውሃው ላይ ዝቅ ብሎ የተቀመጠን ካያክ አያይም።

*ሄደን ከምንመለስ መዘጋቱን አስቀድመን የምናውቅበት መንገድ የለም? (ከላውረል)*

አለ። ኮስት ጋርድ የሚዘጋውን ቦታ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ለጀልበኞች በሚያወጣው የየአካባቢው ማስታወቂያ ላይ ያሳውቃል። ደንቡም በፌዴራል መንግሥቱ ዕለታዊ ጋዜጣ ይታተማል። ሁለቱም ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛሉ። ጀልባው ላይ ቪ.ኤች.ኤፍ ሬዲዮ ካለ ቻናል 16ን ክፍት አድርጉት። ኮስት ጋርድ መጀመሪያ እዚያ ላይ ይጠራችሁና ዝርዝሩን ወደ ቻናል 22ኤ ቀይራችሁ ትሰማላችሁ።

ሬዲዮ ለሌለው የምመክረው አጭሩ መንገድ ስልክ ነው። ጀልባ የምታወጡበት ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ) ደውላችሁ ‘ዛሬ የተዘጋ አለ ወይ?’ በሉ። ማስታወቂያውን ስታነቡም የዝናብ ቀን የሚለውን አትለፉት። ርችቱ በዝናብ ምክንያት ቢተላለፍ መዘጋቱም አብሮ ይተላለፋል። ‘ትናንት አልፏል’ ብሎ ወጥቶ የሚመለስ ብዙ ነው።

*ጀልባችንን ያወጣነው ከቨርጂኒያ ነው። የዲሲ ፖሊስ ምን አግብቶት ነው የሚያስቆመን? (ከአሌክሳንድሪያ)*

ይሄን ብዙ ሰው ይሳሳተዋል። ወንዙ በሁለቱ ዳርቻዎች መካከል እኩል የተከፈለ ይመስላል እንጂ አይደለም። ከተማዋ ፊት ለፊት ያለው ፖቶማክ እስከ ቨርጂኒያ ዳርቻ ድረስ የዲሲ ነው። አሌክሳንድሪያ ካለው ጆንስ ፖይንት ወደ ታች ስትወርዱ ደግሞ የሜሪላንድ ይሆናል። ነገሩ የመጣው በ1632 የእንግሊዝ ንጉሥ ለሎርድ ባልቲሞር ሜሪላንድን ሲሰጥ ወንዙን አብሮ ስለሰጠው ነው። ስለዚህ ከኦልድ ታውን ተነስታችሁ ትንሽ እንደራቃችሁ የዲሲ ወደብ ፖሊስ ሊያስቆማችሁ ሙሉ ሥልጣን አለው። በዲሲ ውሃ ላይ ዓሣ ለማጥመድም የዲሲ ፈቃድ ያስፈልጋል።

*ለልጃችን ምርቃት 20 ሰው የሚይዝ ጀልባ ተከራየን። ወንዙ ተዘግቶ ሳንሄድ ቀረን። ባለ ጀልባው ገንዘባችንን አልመልስም አለ። (ከዉድብሪጅ)*

እንኳን ለልጃችሁ ምርቃት አደረሳችሁ። ገንዘቡን በተመለከተ ኮስት ጋርድ የሚከፍለው ካሳ የለም። ውላችሁ ላይ ‘በመንግሥት ትእዛዝ ቢሰረዝ’ የሚል አንቀጽ መኖሩን እዩ። ከሌለ ሌላ ቀን እንዲሰጣችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ መዘጋቱ አስቀድሞ የታወጀ ከሆነ ይህንን አንሱበት። በሙያው ያለ ሰው ማወቅ ነበረበት።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። ያ ጀልባ 20 ሰው እንዲጭን ተፈቅዶለት ነበር? ካፒቴን መድቦ ከ6 በላይ ከፋይ መንገደኛ የሚጭን ጀልባ ኮስት ጋርድ መርምሮ የምስክር ወረቀት የሰጠው መሆን አለበት። ካፒቴኑም የኮስት ጋርድ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ከመክፈላችሁ በፊት ሁለቱንም አሳየን በሉ። መጠየቅ ነውር አይደለም። የሚያኮርፍ ባለ ጀልባ ካጋጠማችሁ ጥላችሁት ሂዱ።

*ፕሬዚዳንቱ ሲሾምና ኮንግረስ ቀርቦ ሲናገርም ወንዙ ይዘጋል። ርችት የለ፣ ምን ያስፈራል? (ከዋሽንግተን ዲሲ)*

እሱ ዓላማው ይለያል። ርችት ሲኖር የሚጠበቀው ጀልበኛው ነው። በእነዚያ ቀናት ደግሞ የሚጠበቁት ባለሥልጣናቱና ሕዝቡ ናቸው። ስሙም ‘ሴኪዩሪቲ ዞን’ (የጸጥታ ጥበቃ ክልል) ነው፤ የፖቶማክንና የአናኮስቲያን ወንዞች ይሸፍናል፤ ጠባቂዎቹም ጠንከር ይላሉ። በዚያ ቀን ለእናንተ የተለየ ነገር አይደረግምና ባትሞክሩት ጥሩ ነው።

*ወንዝ መዝጋት የአሜሪካ ጭንቀት ነው ወይስ ሌላም አገር አለ? (ከሀያትስቪል)*

ሌላም ጋ አለ። ለንደን ውስጥ የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ቀዛፊዎች ሲወዳደሩ ከፐትኒ እስከ ሞርትሌክ ያለው ቴምዝ ይዘጋል። ውድድሩ 6.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቀጫጭኖቹን የውድድር ጀልባዎች የሌላ ጀልባ ማዕበል ይገለብጣቸዋል። ፓሪስም በጁላይ 26፣ 2024 የኦሊምፒክ መክፈቻውን ሴን ወንዝ ላይ ስታደርግ አትሌቶቹ በጀልባ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዙ። ለዚያ አንድ ምሽት ሲባል መሃል ከተማ ላይ የጀልባ ትራፊክ ለቀናት ቆሞ ነበር።

እዚሁ አቅራቢያችን አናፖሊስ ደግሞ በየሜይ ወሩ ብሉ ኤንጅልስ የተባሉት የባህር ኃይል አብራሪዎች ትርኢት ሲያሳዩ ሰቨርን ወንዝ ይዘጋል። አውሮፕላኖቹ ዝቅ ብለው የሚበሩት ውሃው ላይ ስለሆነ ከሥራቸው ሰው እንዲኖር አይፈለግም።

*ማኅበራችን ለእንቁጣጣሽ በፖቶማክ ላይ ባንዲራ የያዙ ጀልባዎች ሰልፍ ለማድረግ አስቧል። ማንን እናስፈቅድ? (የማኅበር ጸሐፊ)*

ሐሳቡ በጣም ደስ ይላል። ችግሩ ጊዜው ነው። ውሃ ላይ ለሚደረግና ያልተለመደ አደጋ ሊያመጣ ለሚችል ዝግጅት ማመልከቻው ኮስት ጋርድ ጋ መድረስ ያለበት ከ135 ቀን በፊት ነው። በየዓመቱ በአንድ አዘጋጅ የሚደገም ዝግጅት ከሆነ ወደ 60 ቀን ይቀንሳል። ለሴፕቴምበር 11 ካሰባችሁ ማመልከቻው ኤፕሪል ሳያልቅ መግባት አለበት ማለት ነው። እኛ ደግሞ ለዝግጅት ኮሚቴ የምናቋቁመው ወር ሲቀረው ነው!

ማመልከቻው ላይ ስንት ጀልባ እንደሚሳተፍ፣ ከየት እስከ የት እንደሚሄድና ለደህንነት ማን እንደሚጠብቅ ይጠየቃል። ካርታም ይያያዛል። ከከተማው የወደብ ፖሊስ ጋርም መነጋገር አይቀርም። ርችት ካከላችሁ ፈቃድ ያለው ባለሙያ መቅጠር ግድ ነው። ሦስትና አራት ጀልባ ይዞ ዝም ብሎ መንሸራሸር ግን ይህን ሁሉ አይጠይቅም። ለመጀመሪያው ዓመት በዚያ ብትጀምሩ ይሻላል እላለሁ።

*የ19 ዓመት ልጄ ለጁላይ 4 ከጓደኞቹ ጋር ጀልባ ላይ ነኝ ይላል። ዋና አይችልም። አትሂድ ብለው አይሰማኝም። ምን ልበለው? (እናት፣ ከጋይተርስበርግ)*

እናቴ፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል። አብዛኞቻችን ዋና ሳንማር ነው ያደግነው፤ ለልጆቻችንም ማስተማሩን ብዙዎቻችን ረስተነዋል። አትሂድ ማለቱ ካልሠራ እነዚህን ይንገሩት።

ከሁሉ በፊት ላይፍ ጃኬት፣ ማለትም ከመስጠም የሚያድነው ጃኬት። ጀልባው ውስጥ መኖሩ ዋጋ የለውም፤ መልበስ አለበት። በ2023 በአሜሪካ በመዝናኛ ጀልባ አደጋ 564 ሰው ሞቷል። የሞቱበት ምክንያት ከታወቀው ውስጥ 75 በመቶው የሞቱት ሰጥመው ነው። ከሰጠሙት 87 በመቶው ላይፍ ጃኬት አልለበሱም ነበር። ይህን ቁጥር እንዳለ ያንብቡለት። ሕጉ እንዲለብሱ የሚያስገድደው ከ13 ዓመት በታች ያሉትን ልጆች ነው፤ ውሃው ግን ዕድሜ አይጠይቅም።

ሁለተኛ፣ በጣም የሚያስፈራው ሰዓት ርችቱ ካለቀ በኋላ ያለው ነው። ብዙ ጀልባ በአንዴ ወደ ቤቱ ይነሳል። ጨለማ ነው፤ ገሚሱ ነጂ ጠጥቷል፤ የድልድይ ምሰሶዎች አሉ። ተረጋግተው ሰልፉ እስኪቀል ይቆዩ። የሚነዳው ልጅ ጠብታ መጠጥ አይቅመስ። ጀልባ ላይም እንደ መኪናው በደም ውስጥ የሚገኘው የአልኮል ወሰን 0.08 በመቶ ነው። ነጂው የሞተር ማጥፊያውን ገመድ ሰውነቱ ላይ ይሰር፤ ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ ለአብዛኞቹ ከ26 ጫማ በታች ለሆኑ ጀልባዎች ይህ ሕግ ነው። ነጂው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል።

ሦስተኛውን ማንም አይነግረውም። ጀልባዎች ጎን ለጎን ተሳስረው ርችት ሲጠብቁ ሞተር ወይም ጄኔሬተር ከተነሳ ጭሱ ኋላው ጋ ይከማቻል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ኋላ ጫፍ ላይ የተቀመጠ ሰው እንቅልፍ የመጣበት መስሎት ራሱን ይስታል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማው ቶሎ ወደ ንጹህ አየር ይውጣ።

ሲወጣ ከየትኛው ማሪና እንደሚነሳ፣ ማን እንደሚነዳና ስንት ሰዓት እንደሚመለስ ጽፎ ይስጥዎ። ከሰዓቱ በጣም ቢዘገይና ስልክ ባያነሳ ሳያመነቱ 911 ይደውሉ።

*ወንዙ ሲዘጋ ከዳር ሆኖ ዓሣ ማጥመድስ? (ከሂልክረስት ሃይትስ)*

የኮስት ጋርድ ክልከላ ውሃውን ነው የሚመለከተው። ዳርቻው ግን ብዙ ቦታ የብሔራዊ ፓርኮች ነው፤ በበዓል ቀን እነሱም የራሳቸውን ቦታ ይዘጋሉ። ጁላይ 4 ከሆነ ሰው ስለሚበዛ ዘንግ መወርወሩም አይመችም። ፈቃድዎን ይዘው በማግስቱ በጠዋቱ ይሂዱ።