ጭፈራው ሲያልቅ የሚጀምረው ጠብ፦ ጥያቄና መልስ

ለአሥራ አራት ዓመታት በሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በነርስነት ሠርቻለሁ፤ የሚበዛውን በሌሊት ተራ። አሁን ለጭፈራ ቤት ጥበቃዎች የመጀመሪያ እርዳታ አስተምራለሁ። ወጣቶች በግብዣና በጭፈራ ቤት ስለሚያነሡት ጠብ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ የአሁኑ ወጣት ከቀድሞው ይልቅ ጠበኛ ሆኗል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ "የአሁን ልጅ" የሚለው ወቀሳ በየዘመኑ ይሰማል፤ ወቃሾቹም በተራቸው ተወቅሰውበታል። ነገሩ ቀላል ነው ማለቴ ግን አይደለም። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 29 የሆኑ 193,000 ያህል ወጣቶች በየዓመቱ በሰው እጅ ይገደላሉ፤ ይህም በዓለም ከሚፈጸመው ግድያ 40 በመቶው መሆኑ ነው። ሁሉም በግብዣ ላይ የሚሞቱ አይደሉም። በመሸታ ቤት የሚደርሰው ጨመረ ወይስ ቀነሰ ለማለት ደግሞ በትክክል መቁጠር ያስፈልጋል። ከተደባዳቢው ብዙው ፖሊስ ዘንድ አይደርስም። እኛ ዘንድ ግን ይመጣል፤ "ደረጃ ላይ ወድቄ ነው" እያለ።

በዌልስ፣ በካርዲፍ ከተማ የፊትና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም የሆነው ጆናታን ሼፐርድ ያስተዋለው ይህንኑ ነበር። የድንገተኛ ክፍል ሠራተኞች የተጎጂውን ስም ሳይጠቅሱ የት፣ በስንት ሰዓትና በምን እንደተመታ እየመዘገቡ ለፖሊስና ለከተማው አስተዳደር እንዲያቀብሉ አደረገ። ፖሊስም የትኛው በር ላይ፣ በየትኛው ሰዓት መቆም እንዳለበት አወቀ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ግምገማ፣ በጥቃት ተጎድተው ሆስፒታል የሚተኙት ሰዎች ቁጥር ከተመሳሳይ ከተሞች አንጻር በ42 በመቶ ዝቅ ማለቱን አሳይቷል።

ጥያቄ፦ ጥፋተኛው መጠጥ ነው? እኔና ጓደኞቼ ጠጥተን እንስቃለን እንጂ ሰው መትተን አናውቅም።

መልስ፦ የሚስቀውም የሚማታውም አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። ክላውድ ስቲልና ሮበርት ጆሴፍስ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990 ስካርን ሩቁን ማየት ከተሳነው ዓይን ጋር አመሳስለውታል። የጠጣ ሰው የሚታየው አፍንጫው ሥር ያለው ብቻ ነው። ከፊቱ ያለው የጓደኛው ቀልድ ከሆነ ይስቃል፤ ትከሻው ያጋጨው ሰው ከሆነ ደግሞ ያ ትከሻ ዓለሙን ይሞላዋል። የነገው እስር፣ የእናቱ እንባ፣ ሥራው፣ ሁሉም ከዓይኑ ይሰወራል።

በዚህ ላይ ዕድሜ አለ። ስሜትን የሚገታው የፊተኛው የአንጎል ክፍል መብሰሉን የሚጨርሰው በሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ገደማ ነው። ተመልካችም አለ። በአንድ ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ቢሆኑ ይቅርታ ተባብለው የሚያልፉ ሁለት ልጆች፣ ስድስት ጓደኛ ሲያያቸው ወደ ኋላ ማለት ያቅታቸዋል። ቁስል እየሰፋሁ "ምን አድርጎህ ነው?" ብዬ ስጠይቅ የሰማሁት መልስ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር ማለት ይቻላል፦ "በሰው ፊት ናቀኝ።"

ጥያቄ፦ ጠቡ በብዛት የሚነሣው የት ነው?

መልስ፦ ሰው በሚገፋፋበት ቦታ። የመጸዳጃ ቤት ወረፋ፣ የመጠጥ መቅጃው ባንኮኒ፣ ጠባብ ደረጃ። ከሁሉ የከፋው ግን ቤቱ ሲዘጋ ያለችው ግማሽ ሰዓት ናት። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይወጣል፤ ሰክሯል፤ ርቦታል፤ ታክሲ የለም። ውስጥ የተቋረጠው ነገር ውጭ ይቀጥላል። ጥበቃዎች "ከበር ካስወጣነው ኃላፊነታችን አለቀ" ሲሉ ስሰማ የምናደደው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የምሽት ክበብ ባለቤት ነኝ። ቀደም ብላችሁ ዝጉ የሚሉን እኛን ለማክሰር ካልሆነ በስተቀር ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ ገበያዎ እንደሚጎዳ አልክድም። ማስረጃው ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ያጋድላል። በ18 የኖርዌይ ከተሞች ላይ የተደረገ ጥናት የመዝጊያ ሰዓት በአንድ ሰዓት ሲራዘም የድብደባው ቁጥር በ16 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር አግኝቷል። የአውስትራሊያዋ ኒውካስል እ.ኤ.አ. በ2008 የመሸታ ቤቶቿን ሰዓት ስታሳጥር የሌሊት ድብደባ ከሲሶ በላይ ቀነሰ። የብራዚሏ ዲያዴማ እ.ኤ.አ. በ2002 መጠጥ ቤቶች ከምሽቱ 5 ሰዓት እንዲዘጉ ካዘዘች በኋላ ግድያ በእጅጉ ወረደ። ሲድኒ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣችውን ተመሳሳይ ደንብ ግን በኋላ አነሣች፤ የሌሊቱ ንግድ ሞተ የሚለው ቅሬታ በርትቶባት ነበር። የእርስዎ ጥቅም የማይረባ ነው አልልም፤ የሌሊት ተራ ስለሠራሁ ግን የማዳላው ለማን እንደሆነ ይገባዎታል።

ሰዓቱን ባይነኩ እንኳ የሰከረን ሰው "ከዚህ በላይ አንቀዳልህም" ይበሉ፤ ሙዚቃውን ቀስ በቀስ ዝቅ ያድርጉ፤ መብራቱን አስቀድመው ያብሩ፤ እንግዳው በአንድ ጊዜ ሳይሆን ተንጠባጥቦ ይውጣ።

ጥያቄ፦ ብርጭቆን በፕላስቲክ መተካትስ?

መልስ፦ ይተኩ። የተሰበረ ብርጭቆ ፊት ላይ የሚያደርሰውን ያየ ሰው ስለ መልኩና ስለ ዋጋው አይከራከርም።

ጥያቄ፦ የ19 ዓመት ልጅ ነኝ። ጓደኛዬ ለጠብ ሲነሣ ምን ላድርግ? ሴት በመሆኔ መሃል መግባት እፈራለሁ።

መልስ፦ መሃል አትግቢ። ከጎኑ ሁኚና የምታናግሪው የራስሽን ጓደኛ ብቻ ይሁን፤ ባላጋራውን ተይው። "ተረጋጋ" አትበይው፤ ተረጋጋ ተብሎ የተረጋጋ ሰው እስካሁን አላየሁም። በስሙ ጠሪውና መውጫ ስጪው፦ "አሞኛል፣ ወደ ቤት አድርሰኝ"። ሸሸ ሳይባል ይሄዳል። እጁን ከኋላ አትያዢው፤ የተያዘ ሰው መመከት ስለማይችል ቡጢው ፊቱ ላይ ያርፋል።

ገላጋይም ብቻሽን አትሆኚም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት በብሪታንያ፣ በኔዘርላንድስና በደቡብ አፍሪካ የደኅንነት ካሜራ የቀረጻቸውን 219 የአደባባይ ጠቦች መርምሮ፣ ከአሥሩ በዘጠኙ ቢያንስ አንድ ተመልካች ሊገላግል እንደገባ አሳይቷል። ስለዚህ ሁለት ሰው ጥሪ። ስለት ከተመዘዘ ግን ግልግል የለም፤ ራቂና ፖሊስ ጥሪ።

ጥያቄ፦ ራሴን ለመከላከል ቢላ ብይዝ ምን አለበት?

መልስ፦ በቡጢ የሚያልቀው ጠብ በሬሳ ያልቃል። ሬሳው ያንተም ሊሆን ይችላል። ቤት ተወው።

ጥያቄ፦ ልጄ በቡጢ ተመትቶ አስፋልት ላይ ወደቀ፤ ራሱን ስቶ ነቃና "ደህና ነኝ" ብሎ ተኛ። ባለቤቴ ሆስፒታል ካልሄድን ስትል ተቆጥቻት ነበር።

መልስ፦ እርሳቸው ልክ ነበሩ። ራስ ቅል ውስጥ የሚደማ ሰው ለጥቂት ሰዓታት ደህና መስሎ ሊቆይ ይችላል። ራሱን የሳተ፣ የሚያስመልሰው፣ ራስ ምታቱ የሚጨምር፣ ንግግሩ የሚተሳሰር፣ አንዱ የዓይኑ ብሌን ከሌላው የሰፋ ወይም ለመቀስቀስ የሚያስቸግር ከሆነ ወዲያውኑ ይወሰድ። ሰክሮ ነው ብሎ መተው ብዙ ሰው ገድሏል፤ የሁለቱ ምልክት ይመሳሰላልና። ቡናም ስካርን አያበርድም፤ ጉበት በራሱ ፍጥነት ነው የሚሠራው።

ጥያቄ፦ ሰው ሲወጋ አጠገቡ ብሆንስ?

መልስ፦ መጀመሪያ አንተ ከአደጋው ውጭ መሆንህን እይ። ቢላው ገብቶ ከቀረ አትንቀለው፤ ደሙን አፍኖ የያዘው እርሱ ሊሆን ስለሚችል ዙሪያውን ጫን። ከእጅ ወይም ከእግር የሚፈስ ከሆነ ያገኘኸውን ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አድርገህ በሁለት እጅህ፣ በሙሉ ክብደትህ ጫነው። ቢርስም አታንሣው፤ በላዩ ሌላ ደርብ። ቆሞ በስልኩ የሚቀርጽ ሰው ታገኛለህ፤ በጣትህ ለይተህ "አንተ፣ ቀይ ሸሚዝ የለበስከው፣ ቀረጻውን ተውና አምቡላንስ ጥራ" በለው።