ሜካኒካል ኪቦርድ መገጣጠም፦ ጥያቄና መልስ

ስለ አገጣጠም፣ ስለ ድምፅና ስለ ብልሽት የቀረቡት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። የሚመሳሰሉት ባንድ ተጠቃለዋል።

ጥያቄ፦ ወንድማችሁ ጀማሪ ነኝ። ራሴ ልገጣጥም አስቤያለሁ፣ ሶልደር ማድረግ (በቀለጠ ብረት መበየድ) ግን አልችልም። ከየት ልነሳ?

መልስ፦ ሆትስዋፕ ቦርድ ያዝ። ስዊቹ (ከየቁልፉ ሥር ያለው መጫኛ) በሶኬት ላይ ይሰካል፣ ሲያስፈልግም ይነቀላል፤ ሶልደር የሚባል ነገር የለውም። የሚያስፈልግህ ኬዝ (ሳጥኑ)፣ ፒሲቢ (የኤሌክትሪክ መስመሮቹ ያሉበት ሰሌዳ)፣ ፕሌት (ስዊቾቹን የሚይዘው ዝርግ)፣ ስታቢላይዘር (ረጃጅም ቁልፎች እንዳያዘነብሉ የሚይዘው)፣ ስዊች፣ ኪካፕ (ጣት የሚያርፍበት ክዳን) እና ገመድ ነው። ኬዙን፣ ፒሲቢውንና ፕሌቱን ከአንድ ኪት ውሰድ። ሁለት 65 በመቶ የሚባሉ (በመቶኛው ከሙሉ ኪቦርድ አንጻር መጠኑን ይገልጻል) ቦርዶች ከላይ ሲያዩአቸው አንድ ቢመስሉም የቪቲ ቀዳዳቸውና የዩኤስቢ አፋቸው ላይገጥም ይችላል።

መጠኑን በተመለከተ 60 በመቶ የሚባለው 61 ቁልፍ ብቻ ስላለው ቀስቶቹም የኤፍ ረድፉም የሉትም። 65 በመቶው ቀስቶችን ይጨምራል፣ 75 በመቶው ደግሞ የኤፍ ረድፉን። ባለ 87ቱ ከሙሉው የሚለየው በቀኝ በኩል ያለው የቁጥር ክፍል ስለሌለው ነው። ለመጀመሪያ 65 ወይም 75 ውሰድ፤ ቀስት ለመጫን ሁሌም ሁለት ቁልፍ መያዝ ብዙ ሰው ያሰለቻል። ስዊች ስትገዛ ከቁልፎቹ ብዛት 5 ያህል አስበልጥ፣ እግሩ የሚታጠፍ አይጠፋምና።

ጥያቄ፦ ሊኒየር፣ ታክታይልና ክሊኪ በምን ይለያያሉ? የትኛውስ ይሻላል?

መልስ፦ ሊኒየር ከላይ እስከ ታች ያለ እንቅፋት ይወርዳል። ታክታይል መንገድ ላይ ጣት የሚለየው ጉብታ አለው። ክሊኪ ከጉብታው ሌላ ቀጭ የሚል ድምፅ ይጨምራል። ለመነሻ ያህል ቼሪ ኤምኤክስ የሚባሉትን የታወቁ ስዊቾች ልኬት ያዙ፦ ቀዩ ሊኒየር 45 ሴንቲኒውተን፣ ቡናማው ታክታይል 55፣ ሰማያዊው ክሊኪ 60። አንድ ሴንቲኒውተን ከአንድ ግራም ክብደት ጋር በጣም ይቀራረባል። ቀዩ 2 ሚሊሜትር ሲወርድ ይመዘግባል፣ መጨረሻው 4 ሚሊሜትር ላይ ነው።

የሚሻለውን ጣታችሁ ይነግራችኋል። እጃችሁን አሳርፋችሁ ሳትጫኑ ፊደል የሚጻፍባችሁ ከሆነ ሞላው ቀሏችኋል፤ ሲመሽ ጣታችሁ የሚዝል ከሆነ ከብዷችኋል። በሁለቱም ጊዜ ስዊቹን መጣል አያስፈልግም፣ ሞላውን ብቻ መቀየር ይቻላል።

ጥያቄ፦ እህታችሁ ነኝ። ስፔስባሩ ሲመታ እንደ ቆርቆሮ ይንቀጫቀጫል። ስዊቹን ሁለት ጊዜ ቀየርኩት፣ ለውጥ የለውም።

መልስ፦ ስዊቹ ጥፋት የለበትም፣ እህቴ። የሚንቀጫቀጨው ስታቢላይዘሩ ነው። ከኪቦርድ ሥራ ሁሉ ለዚህ ሰዓት ብትሰጪ አይቆጭሽም፤ ውድ ስዊች የተጫነበትን ቦርድ እንኳ ርካሽ የሚያስመስለው እሱ ነው።

ስፔስባር፣ ኢንተር፣ ባክስፔስና ሺፍት ከሥራቸው ሁለት የፕላስቲክ ቤት አላቸው። በየቤቱ ውስጥ ከፍ ዝቅ የሚል ስቴም አለ፣ ሁለቱን ስቴሞች ደግሞ አንድ ሽቦ ያገናኛቸዋል። ድምፁ የሚመጣው የሽቦው ጫፍ ስቴሙ ውስጥ ክፍተት አግኝቶ ሲመታ ነው።

መጀመሪያ ሽቦውን አውጥተሽ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስተኚው። አንዱን ጫፍ ስትጫኚ ሌላው ብድግ ካለ ተጣሟል ማለት ነው። በሁለት ፒንሳ ይዘሽ በጥቂት በጥቂቱ አቅኚና መልሰሽ መስታወቱ ላይ ፈትሺው። ይህን ዘሎ ግሪስ መቀባት ልፋት ብቻ ነው፣ የተጣመመ ሽቦ በግሪስ አይድንም። ቀጥሎ ስቴሙን ከታች በኩል እይው፤ ሁለት ትንንሽ እግሮች ካሉት በቆራጭ ፒንሳ ጠርገሽ ቁረጫቸው፣ ሲያርፍ እንዲነጥር የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። ተቆርጦ የሚመጣም አለ።

ከዚያ ክራይቶክስ 205 ግሬድ 0 የሚባለውን ግሪስ የቤቱን የውስጥ ግድግዳ በስሱ ቀቢው። የሽቦው ጫፍ ላይ ግን አትሰስቺ፣ ዙሪያውን ነጭ ሆኖ እስኪታይ ድረስ አልብሺው። ገጣጥመሽ ስፔስባሩን በግራ ጫፉ ብቻ፣ ከዚያ በቀኝ ጫፉ ብቻ እየመታሽ አድምጪ። ድምፁ ባንድ ወገን አሁንም ካለ በዚያ ወገን ያለው ሽቦ ላይ ትንሽ ጨምሪ። ስፔስባሩ ወደ ላይ ሲመለስ ከዘገየ ግድግዳው ላይ በዝቷል፣ በጥጥ ጥረጊው። ስቴሙ ፒሲቢው ላይ ሲያርፍ ጠንከር ያለ ምት ካለው፣ በሚያርፍበት ቦታ ስስ የቁስል ፕላስተር መለጠፍ ያለዝበዋል፤ ቀዳዳዎቹን እንዳትሸፍኚ።

በቪቲ የሚታሰረውን ዓይነት ከያዝሽ አብራው የምትመጣውን ሮንደላ አትርሻት፤ ቪቲው የፒሲቢውን መስመር እንዳይፍቅ የምትከላከለው እሷ ናት።

ጥያቄ፦ ስዊች መቀባት የግድ ነው? ቬዝሊን ወይም የዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ አይሆንም?

መልስ፦ የግድ አይደለም፤ ብዙ ስዊቾች ከፋብሪካ ተቀብተው ይመጣሉ። አንዱን ጆሮህ አጠገብ ይዘህ ቀስ ብለህ ተጫነው። የመፋቅ ድምፅ ወይም የሞላ ጭርታ ከሰማህ መቀባቱ ያዋጣል። ስፕሬዩን ተወው፣ ስስ ስለሆነ ባንድ ቦታ አይቆይም፣ ወደ መገናኛ ብረቱም ይገባል። ቬዝሊንም ነዳጅ ወለድ ስለሆነ ከቦታው ይፈሳል፣ አንዳንድ ፕላስቲክንም ያበላሻል። 205 የተመረጠው ፕላስቲክ ስለማይነካና ስለማይደርቅ ነው።

ለሊኒየር 205 ግሬድ 0፣ ለታክታይል ቀለል ያለው ትራይቦሲስ 3203 ይስማማል። ለ70 ስዊች ከ2 እስከ 3 ግራም ይበቃል። ብሩሹ ቁጥር 0 ወይም 00 ይሁን። ስዊቹን ፈትተህ የታችኛው ቤት ውስጥ ስቴሙ የሚንሸራተትባቸውን ሁለት ሐዲዶች ቀባ፣ ከዚያ የስቴሙን ጎኖች። የታክታይል ስቴም እግሮችን አትንካ፣ ጉብታው ያለው እዚያ ነው፤ ከቀባኸው ታክታይልህ ወደ ሊኒየር ይጠጋል። የመዳብ መገናኛውንም አትንካ። ክሊኪ ስዊች ከሆነ ጨርሶ አትቀባ፣ ቀጭታው ይታፈናል። ሞላዎቹን በየተራ ከመቀባት ሁሉንም ባንድ ላስቲክ ከረጢት ጨምረህ ከ5 እስከ 8 ጠብታ ክራይቶክስ 105 ዘይት አድርግበት፣ አየር ነፍተህ አፉን ያዝና አንድ ሁለት ደቂቃ ናጠው።

ሰባውንም ከመጀመርህ በፊት ሦስት ስዊች ለይ፦ አንዱን ሳትቀባ፣ አንዱን በስሱ፣ አንዱን ጨመር አድርገህ። ሦስቱንም ቦርዱ ላይ ሰክተህ አወዳድር። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው በማብዛት ነው። ግሪሱ ፕላስቲኩ ላይ እንደ ላብ ወዝ ብቻ ከታየ ልክ ነው፣ ነጭ ክምር ከታየ በዝቷል።

ጥያቄ፦ ሆትስዋፕ ላይ ሁሉንም ሰክቼ ሁለት ቁልፎች አይሠሩም።

መልስ፦ ስዊቹን ንቀለውና እግሮቹን እይ። አንዷ የብረት እግር ሥሩ ላይ ታጥፋ ታገኛታለህ፤ በፒንሳ አቅናት። ቀጥ ካሉ ደግሞ ቦርዱ ኮምፒውተር ላይ እንደተሰካ ሁለቱን የሶኬት ቀዳዳዎች በወረንጦ አገናኛቸው። ፊደሉ ከተጻፈ ቦርዱ ደህና ነው፣ ችግሩ ስዊቹ ነው። ካልተጻፈ ቦርዱን ገልብጠህ ሶኬቱን ፈትሽ፤ በኃይል ሲገፋ ከፒሲቢው ላይ ተላቆ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስትሰካ ከኋላ በኩል ሶኬቱን በጣትህ ደግፈህ ስዊቹን ቀጥ አድርገህ ወደ ታች ግፋ። አንድ ሙሉ ረድፍ ወይም አምድ ከሞተ ግን ስዊች አትቀያይር፣ ችግሩ የቦርዱ መስመር ወይም ማይክሮ ኮንትሮለሩ (ቦርዱን የሚያሠራው ቺፕ) ነው።

ስዊቹ ሁለት ተጨማሪ የፕላስቲክ እግሮች ኖረውት ቦርዱ ቀዳዳ ከሌለው፣ ፕላስቲኮቹን ብቻ ከሥራቸው ቆርጠህ ትጠቀምበታለህ። ፕሌቱ ስለሚይዘው ምንም አይጎድልበትም።

ጥያቄ፦ አንዷ ቁልፍ አንድ ጊዜ ስጫናት ሁለት ጊዜ ትጽፋለች።

መልስ፦ ስዊቿን ከጎረቤቷ ጋር አቀያይር። ችግሩ አብሯት ከሄደ መገናኛው ቆሽሿል፣ ወይም ግሪስ ነክቶታል፤ ቀይራት። እዚያው ከቀረ ሶኬቱን ወይም ሶልደሩን ፈትሽ። በኪውኤምኬ (ኪቦርዱ ውስጥ የሚጫን ፕሮግራም፣ ማለትም ፈርምዌር) የሚሠራ ቦርድ መገናኛው ሲነጥር የሚታገሠው በመደበኛው 5 ሚሊሰከንድ ነው። ይህን ወደ 8 ወይም 10 ከፍ አድርጎ ፈርምዌሩን እንደገና መጫን ምልክቱን ይሸፍናል፤ የተበላሸ ስዊች ግን መቀየር ይሻለዋል።

ጥያቄ፦ ትልቅ ሰው ነኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ ሶልደር ተምሬ በቋሚነት የሚበየደውን ቦርድ ልሥራ እላለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ይችሉታል፤ 70 ቁልፍ ማለት 140 ነጥብ ነው፣ አሥረኛው ላይ ሲደርሱ እጅዎ ይለምደዋል። ውፍረቱ 0.8 ሚሊሜትር የሆነ፣ ውስጡ ፍላክስ (ሶልደሩ እንዲይዝ የሚረዳ ማጽጃ) ያለው 60/40 ወይም 63/37 ሶልደር ይውሰዱ። ሙቀቱን ከ320 እስከ 350 ዲግሪ ሴልሺየስ ያድርጉ። መስኮት ይከፈት፣ እርሳስ ስላለበት ሲጨርሱ እጅዎን ይታጠቡ።

ምንም ነገር ከመበየድዎ በፊት ፒሲቢውን ሰክተው እያንዳንዱን ቁልፍ በወረንጦ ይፈትሹ። ከዚያ ስታቢላይዘሮቹን ይግጠሙ። ይህን ቅደም ተከተል አደራ አይርሱት፤ ፒሲቢ ላይ የሚታሰር ስታቢላይዘር የተረሳ እንደሆነ የበየዱትን ሁሉ መፍታት ይመጣል። ቀጥሎ ፕሌቱን አስቀምጠው በአራቱ ማዕዘንና በመሃል ስዊች ይስኩ፣ ቀጥ ብለው ግጥም ማለታቸውን ከጎን ይዩና እነሱን ብቻ ይበይዱ። የቀሩት ከዚያ በኋላ ይገባሉ።

ጫፉ የስዊቹን እግርና የቦርዱን ቀለበት ባንድ ጊዜ ይንካ። አንድ ሰከንድ ያህል አሙቀው ሶልደሩን ጫፉ ላይ ሳይሆን የጋለው ቦታ ላይ ያስነኩት። ጠቅላላው ከ2 እስከ 3 ሰከንድ ነው። እንደ ትንሽ ድንኳን ተዳፋት ሆኖ ካብረቀረቀ ይዟል፤ እንደ ኳስ ከድቦለቦለ ሶልደሩ ቀለበቱን አልያዘም፣ እንደገና ያሙቁት። ስዊች ማንሳት ካስፈለገ ትንሽ አዲስ ሶልደር ጨምረው አቅልጠው በፓምፕ ይሳቡ። እንቢ ያለውን በጉልበት አይጎትቱ፣ ቀለበቱን ነቅሎት ይመጣል።

ጥያቄ፦ ኬዙ ባዶ ሳጥን ይመስል ያስተጋባል። ምን ልጨምርበት?

መልስ፦ በቅድሚያ ከፒሲቢው ሥር፣ በኬዙ ወለል ላይ ስስ ስፖንጅ አንጥፍ። ክፍተቱን ይሙላው እንጂ ፒሲቢውን አይግፋው፤ ወፍራም ከሆነ ቦርዱ ይጎብጣል፣ ቁልፎቹም መሃል ላይ ይደርቃሉ። በቂ ካልሆነ ከፒሲቢው ጀርባ ሁለት ወይም ሦስት ንጣፍ የወረቀት ፕላስተር ለጥፍ። ብረት ያለበትን ፕላስተር ግን አታስጠጋ፣ መስመሮቹን ያገናኛል። ሁለቱን ባንድ ቀን አታድርግ፣ የትኛው ምን እንደሠራ አታውቅም።

ጥያቄ፦ ቆንጆ ኪካፕ ገዝቼ የታችኛው ረድፍ አልገጠመኝም።

መልስ፦ የአንድ ቁልፍ ቦታ 1 ዩ ይባላል፣ 19.05 ሚሊሜትር ነው። የተለመደው የታች ረድፍ ባለ 6.25 ዩ ስፔስባርና ሰባት ባለ 1.25 ዩ ቁልፎች አሉት። የአንተ ቦርድ ባለ 7 ዩ ስፔስባር ከሆነ ጎኖቹ 1.5፣ 1፣ 1.5 ይሆናሉ። 65 በመቶ ላይ የቀኙ ሺፍት በ2.75 ፈንታ 1.75 ነው፣ የሚቸግረውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ከመግዛትህ በፊት ስብስቡ እነዚህን መያዙን ቁጠር። ኤቢኤስ የሚባለው የኪካፕ ፕላስቲክ በአጠቃቀም ያብረቀርቃል፣ ፒቢቲ የሚባለው ይቆያል። ፒቢቲ ስፔስባር ሲሠራ ሊጣመም ስለሚችል ደግሞ መስታወት ላይ አስቀምጠህ ፈትሸው።

ሌላም ልብ በል። የስዊቹ መብራት ቀዳዳ ወደ ላይኛው ረድፍ ካየ፣ የቼሪ ቅርጽ (ዝቅ ያለ የኪካፕ ቅርጽ) ያላቸው ኪካፖች በተለይ የመሃሉ ረድፍ ላይ የስዊቹን ቤት ሊነኩ ይችላሉ። ቁልፉ መጨረሻው ሳይደርስ አንዳች ነገር እንደያዘው ሆኖ ይቆማል።

ጥያቄ፦ በአማርኛ ለመጻፍ የተለየ ፈርምዌር ያስፈልጋል?

መልስ፦ አያስፈልግም። ኪቦርዱ የሚልከው የቁልፉን ኮድ ነው፤ ፊደሉን የሚወስነው ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የቋንቋ ቅንብር ነው። የቁልፍ ቦታ ማዛወር ከፈለጋችሁ ግን ቪያ (የቁልፎችን ቦታ የሚያዛውር ፕሮግራም) የሚደግፍ ቦርድ ይጠቅማል፣ ሳይጠፋና ሳይበራ እዚያው ይቀየራል።

ጥያቄ፦ ገመድ አልባ ቦርድ ላይ ሌላ ባትሪ ልቀይርበት እችላለሁ?

መልስ፦ ቮልቴጁ አንድ ከሆነና ቦታው ከበቃው ይቻላል፤ ከመሰካትህ በፊት ግን ቀዩና ጥቁሩ ሽቦ በየትኛው ወገን እንዳሉ በቴስተር ለካ። መሰኪያው አንድ ዓይነት ቢሆንም አምራቾች ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን በአንድ ወገን አያደርጉትም፣ ተገልብጦ ከተሰካ ቦርዱን ያቃጥላል። ባትሪው ላይ ቪቲም ስፖንጅም እንዳይጫነው፣ ያበጠ ከሆነም ወዲያው አውጣው።