የአንባብያን ጥያቄ፦ በፀሐይ የሚበር ድሮን ሌሊቱን በምን ያድራል?

ጥያቄ፦ ክንፉ 3 ሜትር፣ ክብደቱ ከነባትሪው 3 ኪሎ የሆነ የፎም አውሮፕላን ሠርቻለሁ። ከቤት ሶላር ላይ ሴሎቹን ነቅዬ ክንፉ ላይ ብለጥፍ ቀንም ሌትም ሊበርልኝ ይችላል? (ተማሪ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ የቤቱን ሶላር አይንኩት። ሴሎቹ ከመስታወቱ ጋር በሙጫ ተዋሕደው የተጋገሩ ስለሆኑ ሲነቀሉ ተሰባብረው ነው የሚወጡት። የሚፈልጉት ያልታሸገ፣ 12.5 በ12.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ሁለቱም ጫፉ (ፖዘቲቩም ኔጋቲቩም) ከጀርባ የሚበየድ ሴል ነው። አንዱ 7 ግራም ያህል ይመዝናል፤ በጥሩ ፀሐይ 3.4 ዋት ይሰጣል፤ የክንፉን ጉብታ ተከትሎ ትንሽ ይለመጣል። በሁለት ረድፍ 24 መደርደር ይችላሉ፤ ለዚያ ክንፉ ከፊት እስከ ኋላ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ይፈልጋል። እያንዳንዱን ከመለጠፍዎ በፊት ፀሐይ ላይ በቴስተር ይለኩት። ከ0.6 ቮልት በታች ያነበበውን ያውጡት፤ በተከታታይ በተያያዘ መስመር ላይ አንድ ደካማ ሴል ሁሉንም ወደ ራሱ አቅም ይጎትታል። የጭራው ጥላ አንድ ሴል ላይ ቢያርፍ የሚሆነውም ይኸው ነው። ስለዚህ በየ12ቱ ሴል አንድ ማለፊያ ዳዮድ (ኤሌክትሪኩ የደከመውን ክፍል ዘሎ እንዲያልፍ የሚያደርግ ዕቃ) ያስገቡ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ኮንትሮለር ላይ፣ ማለትም ከሴሎቹ ወደ ባትሪው የሚሄደውን ኤሌክትሪክ በሚቆጣጠረው ዕቃ ላይ ነው። 24 ሴል በቀዝቃዛ ሰዓት 14 ቮልት ገደማ ይሰጣል፤ ቀትር ላይ ሴሉ 60 ዲግሪ ሲደርስ ግን ወደ 12.4 ይወርዳል። ባለ ሦስት ደረጃ (ሦስት በተከታታይ የተያያዙበት) የሊቲየም ባትሪ ለመሙላት 12.6 ቮልት ይፈልጋል። ገበያ ላይ የሚበዛው ኤምፒፒቲ (ከሴሎቹ የሚቻለውን ከፍተኛ ኃይል የሚያወጣ ኮንትሮለር) ቮልቴጅ ቀናሽ ስለሆነ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ሆና ባትሪው አልሞላ ይላል። ቮልቴጅ ከፍ የሚያደርገውን ዓይነት ገዝተው ባለ አራት ደረጃ ባትሪ ይጠቀሙ።

አሁን ወደ ሌሊቱ። በወረቀት 82 ዋት የነበረው የ24ቱ ሴሎች ኃይል፣ ሙቀቱ፣ መሸፈኛው ፕላስቲክና ኮንትሮለሩ ድርሻቸውን ሲወስዱ ቀትር ላይ 60 ዋት ቢቀር ጥሩ ነው። በደንብ የተሠራ ባለ 3 ኪሎ አውሮፕላን ከፍታውን ጠብቆ ለመብረር 40 ዋት ያህል ይበላል። ስለዚህ ሰማዩ ከጠራ፣ እንደ ወሩ ሁኔታ፣ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ተኩል ለሚሆን ጊዜ በፀሐይ ብቻ ይቆያል። ሐምሌና ነሐሴን ይርሱት። ለሙሉ ቀንና ሌሊት ግን 960 ዋት-ሰዓት ያስፈልጋል፤ 24ቱ ሴሎች በቀን የሚሰበስቡት ከ400 አይበልጥም። ለ12 ሰዓት ጨለማ ብቻ እያንዳንዳቸው 48 ግራም የሚመዝኑ 40 ያህል ባለ 3,500 ሚሊ አምፒር-ሰዓት ባትሪዎች መጫን አለብዎት። ያ ወደ 2 ኪሎ ነው። ክብደት ሲጨምር ደግሞ የሚፈለገው ኃይል ከዚያ በፈጠነ መጠን ያድጋል፤ በዚያው ክንፍ ክብደቱ እጥፍ ቢሆን ኃይሉ 2.8 እጥፍ ይሆናል። ሌሊት የሚገዛው በሴል ብዛት ብቻ ሳይሆን በባትሪ ጥራትና በቀላል ክንፍ ነው።

ይህን ያሳካውን ትንሽ አውሮፕላን ይመልከቱ። የዙሪክ የቴክኖሎጂ ተቋም የሠራው አትላንቲክሶላር ክንፉ 5.6 ሜትር፣ ክብደቱ 7 ኪሎ ገደማ ነው፤ ከዚያ ውስጥ 2.9 ኪሎው ባትሪ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2015 ሳያርፍ 81 ሰዓት ተኩል በረረ። በዚያ ወር የስዊዘርላንድ ሌሊት 8 ሰዓት ተኩል ገደማ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ የእኛ ሌሊት ግን ክረምት ከበጋ ወደ 12 ሰዓት ይጠጋል።

ሁለት የደብረ ብርሃን ጣጣዎች አሉ። ከተማዋ ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠለል በሩብ ይሳሳል፤ ሸዋ ሮቢት ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነሣ አውሮፕላን እዚያ 32 ተኩል ያህል ይፈልጋል። ሰፋ ያለ ፕሮፔለር ይግጠሙ። ሌላው ውርጭ ነው፤ ሊቲየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ከተደረገ ውስጡ በማይመለስ መንገድ ይጎዳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ባትሪውን ውጭ አያሳድሩት።

ፈቃድ ሳይዙ ግን ወደ ሜዳ አይውጡ። ከመሬት ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ድሮኑ የማን እንደሆነ አያውቅም።

ጥያቄ፦ እንዲህ ያለው ድሮን ለመንዝ ሸለቆዎች የስልክ ማማ ሆኖ ሊያገለግል ይችላል? (መምህርት፣ ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ የሚሠራው ለዚህ ነው። ዘፊር የተባለው በፀሐይ የሚበር ድሮን ክንፉ 25 ሜትር ሆኖ ክብደቱ ከ75 ኪሎ አይበልጥም። እ.ኤ.አ. በ2022 ከአሪዞና ተነሥቶ 64 ቀን ቆየ፤ በ2025 ደግሞ ከኬንያ ላይኪፒያ ተነሥቶ 67 ቀን። ለእኛ የሚቀርበው ሁለተኛው ነው፤ የምድር ወገብ ሌሊት እንደኛው 12 ሰዓት ነውና። ከ20 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ፣ ሞገዱ በጣም ሳያዘነብል፣ እስከ 55 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያያል። ከደብረ ብርሃን መሐል ሜዳ በቀጥታ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ መካከል ላይ ቢዞር ሁለቱንም ይሸፍናል፤ የማማ ሞገድ የማይደርስበትን የገደል ሥርም ከላይ ያገኘዋል። ችግሩ ጭነቱ ነው፤ የሚሸከመው ጥቂት ኪሎ ብቻ ስለሆነ የአንድ ትልቅ ማማ መሣሪያ ሁሉ አይጫንበትም።

ጥያቄ፦ የጣርማ በርን ነፋስ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ስስ ነገር ይበራል ቢሉት እንዴት ይመን? (ከአንኮበር)

መልስ፦ እውነትዎን ነው፤ የሚሰብረው ታችኛው አየር ነው። ከ18 ኪሎ ሜትር በላይ ደመና የለም፣ የመንገደኛ አውሮፕላንም አይደርስም፣ ነፋሱም አብዛኛውን ጊዜ ይረጋል። አደጋው እዚያ እስኪደርስ ያለው መንገድ ነው። የናሳው ሄሊዮስ 75 ሜትር ክንፍ ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 እስከ 29,524 ሜትር ወጣ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2003 ግን ሃዋይ አጠገብ ገና ዝቅ ብሎ ሳለ የአየር መናወጥ ክንፉን ወደ ላይ አጎበጠው፤ መወዛወዙ ፍጥነቱን ከልክ በላይ ጨመረና የክንፉ ልባስ ተገሽልጦ ባሕር ገባ። ጣርማ በር ላይ ከቆላው የሚመጣው ነፋስ ገደሉን ሲመታ ወደ ላይ ይወረወራል፤ አፋፉን እንዳለፈ ደግሞ ይሽከረከራል። ስለዚህ ለሙከራ ከአፋፉ ራቅ ያለ ገላጣ ሜዳ ይምረጡ፤ ነፋሱ ሳይነሣ፣ ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያብርሩ።