ጥያቄና መልስ፦ የድሮ ግቢያችን ውስጥ ገል እየወጣ ነው፣ ምን ላድርገው?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ ዝግጅት ክፍሎች፣ የምጽፍላችሁ ከሱሉልታ ነው። ቅድመ አያቶቼ ያርሱበትና ይኖሩበት የነበረ ግቢ አለን፣ ሰው ከለቀቀው ቆይቷል፣ አሁን የቤቱ የድንጋይ መሠረትና የፈረሰ ካብ ብቻ ነው የቀረው። ዝናብ በመጣ ቁጥር ግን የሸክላ ስብርባሪ እየታጠበ ይወጣል፣ የስኒ ቁራጭም አይቻለሁ። ወንድሞቼ ሎደር አስገብተው ሊያስጠርጉት ነው። ለማስታወሻ ለቅሜ በፌስታል ላስቀምጠው? እንዲህ ያለ ተራ ገልስ ቅርስ ይባላል?

መልስ፦ እህታችን፣ እባክሽ ገሉን ካለበት አታንሺው። ቅርስ ሲባል ሁላችንም አክሱምና ላሊበላ ነው የሚመጣልን፣ ከአዲስ አበባ ዙሪያ ደሞ በ2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው መልካ ቁንጥሬ፣ ግን ገበሬው ምን በልቶ ምን ጠጥቶ እንደኖረ ማንም ቁጭ ብሎ አልጻፈለትም፣ የሱን ነገር የሚነግረን ይሄው የምንረግጠው ገል ነው።

እስቲ ጎንበስ ብለሽ እይው። ወፍራም ሆኖ ሰፋ ብሎ ጎበጥ ካለ የጋን ነው፣ ጠፍጣፋ ሆኖ አንዱ ፊቱ ጥቁርና ልስልስ ከሆነ ምጣድ ነው፣ ልስላሴው በጎመን ዘር ሲታሽ የኖረ ነው። የተሰበረበት ጠርዝ ራሱ ጥላሸት ካለው ከተሰበረ በኋላም አገልግሏል፣ ፍም ተጭሮበታል ወይ ዕጣን ጨሶበታል። የጋኑ ውስጥ ተበልቶ ተቦርቡሮ ከሆነ ደሞ መጠጥ ሲብላላበት ኖሯል ማለት ነው፣ አሲዱ ሸክላውን ይበላዋል። በጋሞ ደጋ ይሄን ያጠኑ አርኪዮሎጂስቶች ውስጡ እንዲህ የተበላ ዕቃ ከሀብታም ቤት ጋር የሚያያዝ ሆኖ አግኝተውታል፣ ከቀለቡ ተርፎት እህሉን ለመጠጥ የሚያውለው እሱ ነዋ! ይሄ ለኔ ከወርቅ ይበልጣል፣ የቤተሰብሽ ኑሮ እንዴት እንደነበር ከገል ላይ ይነበባል።

ስኒው ቂጡ ላይ የፋብሪካ ምልክት ካለው ዘመኑን ለመገመት ይረዳል። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፣ ከዛ ወዲህ የውጭ ዕቃ ማምጣት ቀለለ።

ግን ይሄ ሁሉ የሚሆነው ገሉ የት እንደነበር ሲታወቅ ነው። ምድጃው ጥግ የተገኘ ድስትና በረቱ ጀርባ አመድ ላይ የተጣለ ድስት የሚናገሩት የተለያየ ነው፣ ፌስታል ውስጥ ሲገቡ ግን ሁለቱም ዝም ይላሉ። ስለዚ መጠኑ እንዲታወቅ ብዕር ከጎኑ አድርጊና በስልክሽ ፎቶ አንሺው፣ መሠረቱ፣ አመዱ፣ ካቡ የት የት እንደሆነ በወረቀት ንደፊ፣ እንዳትቆፍሪ ብቻ፣ ያለፈቃድ ቁፋሮ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ክልክል ነው፣ በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስንም አሳውቁ ይላል። ወንድሞችሽን ሎደሩን ትንሽ አቆዩት በያቸውና ፎቶውን ይዘሽ ወደ አካባቢሽ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሂጂ።

እዛ ቤት ያደገ ሽማግሌ ወይ አሮጊት በሕይወት ካሉ ደሞ ግቢው ድረስ ውሰጃቸው፣ ማድቤቱ በየት በኩል ነበር፣ ጋኑ የት ይቀመጥ ነበር፣ ሸክላውን ከየትኛው ገበያ ነበር የምትገዙት ብለሽ ጠይቂና ድምጻቸውን ቅጂው።