«ሳንክሽን» ማዕቀብ ነው ወይስ ፈቃድ?

እህቴ፣ «ሳንክሽን የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አንዴ ማዕቀብ፣ አንዴ ፈቃድ ይሆንብኛል፤ የቱን ልያዝ?» ላልሽው። የመሥሪያ ቤት ሰነድ እየተረጎምሽ ነው አይደል? እኔንም ጉድ የሠራኝ ይኸው ቃል ነው።

1. በብዙ ቁጥር «ሳንክሽንስ» ካለ ብዙ አትጨነቂ። ባብዛኛው ማዕቀብ ነው። በ1928 ዓ.ም. ጣልያን ሲወረን የመንግሥታቱ ማኅበር የጣለባት ዓይነት። ያውም ነዳጅን ሳይነካ፤ ኅዳር ላይ ጀምሮ ሐምሌ ላይ አነሳላት። እሱን ተዪው፣ ደሜ ይፈላል።

2. ግስ ሆኖ ከመጣ ማንን ወይም ምንን እንደሚል እዪ። ሰው ወይም አገር ከሆነ ቅጣት ነው። ክፍያ ወይም ዕቅድ ከሆነ ማጽደቅ ነው። እኔ ይቺን አላየሁም። አንድ መሥሪያ ቤት 40 ገጽ ቃለ ጉባኤ ሰጠኝ። ቦርዱ የኮንትራክተሩን ክፍያ «ሳንክሽን» አድርጓል ይላል። ጆሮዬ ከዜና የለመደው ማዕቀብን ነው፤ ሰዓቱም ከሌሊቱ 8 ነበር፤ «ቦርዱ በክፍያው ላይ ማዕቀብ ጥሏል» ብዬ ጽፌ ተኛሁ። ቦርዱ ያለው ግን ይከፈል ነው! ፋይናንስ የኔን አማርኛ አምኖ ገንዘቡን ሁለት ሳምንት ያዘው። ኃላፊው አስጠርቶኝ፣ ተቀመጥ እንኳ ሳይለኝ፣ ጸሐፊዋ ፊት «አንተ እንግሊዝኛ የት ነው የተማርከው?» አለኝ። የተቀረው 39 ገጽ እንከን አልነበረበትም፤ ይህን ግን ማን ያንሳልኝ። ግማሽ ክፍያዬን ቆረጡ። ለኮንትራክተሩ በአንዱ ትርጉም፣ ለኔ በሌላው ሳንክሽን ተደረገ ማለት ነው።

3. ከዚያ በኋላ ተናድጄ ሥሩን ፈለግኩ። ላቲን ነው፤ «ሳንኪሬ»፣ ቀድሶ ማጽናት። ቅዱስ ማለት የሆነው «ሴይንት»ም ከዚያው ቤት ነው። የኛን ግዝት በዓል አስቢው። ቀኑ ቅዱስ ስለሆነ ሥራ ይከለከላል። ቅድስናውና ክልከላው አንድ ላይ ነው የሚመጡት። ሳንክሽንም ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ ድንጋጌ ማለት ነበር። በ1713 እ.ኤ.አ. የኦስትሪያው ገዥ ቻርልስ 6ኛ የቤተሰቡን፣ የሃብስበርጎችን፣ ግዛት ሴት ልጅ እንድትወርስ ያወጣው ድንጋጌ «ፕራግማቲክ ሳንክሽን» ይባላል፤ ምንም ማዕቀብ የለበትም። በኋላ ድንጋጌውን ማጽደቁም፣ የጣሰው የሚቀጣው ቅጣትም በዚያው ስም ተጠሩ።

4. ሰነዱን ህንዶች ከጻፉት ደግሞ «ብድሩ ሳንክሽን ሆኗል» ማለት ተፈቅዷል ነው። አስተማሪዬ ህንድ ነበሩ፣ ይህን ሳልረሳ ብቀር ኖሮ!

ዓረፍተ ነገሩን እዚህ ለጥፊውና እንየው። ብቻ ሌሊት አትተርጉሚው።