ቲቪና ታብሌት በኬጂ ክፍል፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

ከአዲስ አበባ ዳርቻ ያሉ የኬጂ መምህራን የላኳቸው ጥያቄዎች ናቸው።

ከኮዬ ፈጬ፦ ለ45 የኬጂ 2 ልጆች 32 ኢንች ቲቪ ተገዝቶልናል። በቀን ስንት ደቂቃ እናሳያቸው?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ከ1 ሰዓት በላይ ስክሪን ፊት መቀመጥ የለባቸውም፤ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ቤት የሚያዩትም ከዚሁ ስለሚቆጠር ክፍል ውስጥ 10 ደቂቃ ይበቃል።

ከደቂቃው በላይ ግን የሚያሳስበው ቪዲዮው የት ላይ እንደሚቆም ነው። 3 ደቂቃ የሚፈጅ ይምረጡ፤ ቀድመው ለብቻዎ ይዩትና ሁለት የማቆሚያ ቦታዎች ወረቀት ላይ ይያዙ። ስለ ጫጩት ከሆነ፣ እንቁላሉ ሊሰነጠቅ ሲል አቁመው «አሁን ምን የሚወጣ ይመስላችኋል?» ይበሉ። አምስት ስድስት ልጆች ከመለሱ በኋላ ያስቀጥሉ። ሲያልቅ ቲቪው ይጥፋ፤ ልጆቹ ያዩትን በጭቃ ይሥሩት። ግማሽ ሰዓት ሳይቆም የሚለቀቅ ቪዲዮ ልጆቹን ዝም ያሰኛቸዋል እንጂ ቃል አይጨምርላቸውም፤ በዚህ ዕድሜ ቋንቋ የሚዳብረው መልስ ከሚሰጥ ሰው ጋር በመነጋገር ነውና።

45 ልጅ ለ32 ኢንች ስለሚበዛ በሁለት ዙር ያሳዩ። የፊተኞቹ ከስክሪኑ 2 ሜትር ይራቁ። ቲቪው ግድግዳ ላይ በብሎን ይታሰር፤ ጠረጴዛ ላይ የቆመ ቲቪ ልጅ ከጎተተው ላዩ ላይ ይወድቃል።

ከለገጣፎ፦ መብራት ስለሚቆራረጥብን ፕሮጀክተር ከባትሪ ጋር ብንገዛስ?

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር-ሰዓት ባትሪ 1,200 ዋት-ሰዓት ይይዛል። የሊድ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ስለሚያጥር 600 ብቻ ይቁጠሩ፤ ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል እንደ ቤት መብራት የሚቀይረው መሣሪያ) የሚበላው ሲቀነስ 500 ገደማ ይቀራል። 300 ዋት የሚስብ ባለ አምፖል ፕሮጀክተር በዚህ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሠራል፤ 50 ዋት የሚስብ ኤልኢዲ ቲቪ ግን 10 ሰዓት። በዚያ ላይ ፕሮጀክተር ጨለማ ይፈልጋል፤ የኬጂ ክፍል ደግሞ ባይጨልም ይመረጣል።

ገንዘቡ ጥቂት ከሆነ ከሁለቱም በፊት ቻርጅ የሚደረግ ስፒከር ይግዙ። መምህሯ በስልኳ የቀዳችው ተረት በስፒከር ሲሰማ ልጆቹ ሥዕሉን በየራሳቸው ሐሳብ ይፈጥራሉ።

ከቡራዩ፦ ፍላሽ ስሰካ አንዳንዱ ቪዲዮ አይከፍትም፤ የአማርኛ ስሞቹም ሳጥን ሆነው ይታያሉ።

ፍላሹን ኮምፒውተር ላይ በፋት 32 (FAT32) ፎርማት ያድርጉት (ፎርማት ሲደረግ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ ቀድመው ይገልብጡ)። ቪዲዮውን ብዙ ቲቪ ወደሚያነበው የፋይል ዓይነት፣ ወደ ኤምፒ 4 (MP4)፣ ኤች 264 (H.264) ይቀይሩ፤ አንዳንድ አዳዲስ ስልኮች የሚቀዱበትን ኤች 265 (H.265) ብዙ የቆዩ ቲቪዎች አያነቡም። ሳጥን የሚታየው ቲቪው የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ነው፤ ፋይሎቹን 01፣ 02 ብለው ይሰይሙና ዝርዝሩን ግድግዳ ላይ ይለጥፉ።

ከሰበታ፦ 5 ታብሌት ለ40 ልጆች እንዴት ይዳረሳል? ማስታወቂያም ያስቸግራል።

በአንድ ታብሌት ሁለት ልጅ ይቀመጥ፤ ሲከራከሩና ሲመካከሩ ነው የሚማሩት። በአንድ ጊዜ 10 ልጆች፣ ለ10 ደቂቃ፣ በ4 ዙር ይዳረሳል። ሌሎቹ በብሎክና በአሸዋ ይሥሩ። ጂኮምፕሪስ (GCompris) የተባለው ነፃ የልጆች መማሪያ መተግበሪያ ማስታወቂያ የለውም፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ታብሌቱን ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያድርጉ። ልጆቹ ከመተግበሪያው እንዳይወጡ በሴቲንግ ውስጥ ከሴኩሪቲ ሥር ያለውን መተግበሪያ መቆለፊያ (App pinning) ያብሩና የመክፈቻ ቁጥር ይስጡት፤ ቁጥር ካልተሰጠው ልጆቹ በሁለት ቀን ይፈቱታል።

ከቱሉ ዲምቱ፦ ፊደሉን በዘፈን ይወጡታል፣ ነጥዬ ስጠይቃቸው ግን አያውቁትም።

ዘፈኑ ያስጠናቸው የድምፁን ተራ እንጂ መልኩን ስላልሆነ ነው። 33ቱ በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ሁሉን በአንድ ቪዲዮ ማሳየት ለ5 ዓመት ልጅ ጎርፍ ነው። በሳምንት ሦስት ፊደል ይውሰዱ፤ ከልጆቹ ስም መጀመሪያ ቢነሱ ጥሩ ነው። በስክሪኑ ላይ ተራቸውን እያዛቡ አንድ በአንድ ያሳዩ። በ እና ሰ ስለሚመሳሰሉ በአንድ ሳምንት አያምጧቸው። ሲጽፉ መጀመሪያ በጣት አሸዋ ላይ፣ ቀጥሎ ታብሌት ላይ፣ በመጨረሻ በእርሳስ ይሁን። መስተዋት ጣትን ያንሸራትታል እንጂ ስለማይገታ፣ በታብሌት ብቻ የተለማመደ ልጅ እርሳስ ሲይዝ መስመሩን መቆጣጠር ይቸግረዋል።

ከዚሁ፦ የልጆቹን ፎቶ የወላጆች ቴሌግራም ላይ ብናወጣስ?

የእያንዳንዱ ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ከሌለ አይሆንም። የሠሩትን የጭቃ ጫጩት ብቻ አንስተው ይላኩ።